የሴቶችን መብት በስህተት ያሰፋሁበት ማመልከቻ

እኛ ጥርሳችን ሙሉ በነበረበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ ስብሰባ የማይጠራበት ሳምንት አልነበረም። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ በኋላ ያለውን ነው የምላችሁ፤ ሕገ መንግሥት የሚባለው ጸድቆ፣ መሬት ተለክቶ ደብተር ይሰጣል የሚባልበት ሰሞን። ስለ ወባ ስብሰባ፣ ስለ ማዳበሪያ ስብሰባ፣ ስለ እርከን ስብሰባ፣ ባለፈው ስብሰባ ለምን ቀራችሁ የሚል ስብሰባ። ትስቃላችሁ? እውነቴን ነው! ለቀሩት ሰዎች ስብሰባ ተጠርቶ እነሱ እዚያም ቀሩ፣ የተቆጡን የመጣነውን ነው።

ታዲያ እኔ አንጁሎ በዚያ ጊዜ ትልቅ ሰው ነበርኩ። ትልቅ የምለው በሀብት አይደለም፣ በምላስ ነው። በሁምቦ፣ ከተበላ ከተማ ወረድ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ሰው ሁሉ በቤቱ ወላይትኛ ነው የሚያወራው፣ አማርኛ የሚሰማ ጥቂት ነው፣ እኔ ደግሞ በወጣትነቴ ታች ቆላ ጥጥ እርሻ ዘበኛ ሆኜ ስለሠራሁ አማርኛውን ሳልኩት። መናገሩን ማለቴ ነው። ማንበብ ግን አትጠይቁኝ። ያኔም አይጠየቅም፣ አሁንም አይጠየቅም።

እና ካድሬ በመጣ ቁጥር «አንጁሎን ጥሩት!» ነው። ካድሬው ይናገራል፣ እኔ ወደ ወላይትኛ እመልሳለሁ። ከጎኑ እቆማለሁ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ሆዴን ወደ ፊት ገፋ አድርጌ። ሚስቴ አስቴር፣ ይቺው አያታችሁ፣ «ዛሬም ልትነፋ ነው» ትለኛለች። እነፋለሁ! ለምን አልነፋም?

እንግዲህ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እሱን ካልሰማችሁ የቀረው አይገባችሁም። ታላቅ ወንድሜ ባሳ በወባ ሞቶ ነበር። ሚስቱ አመነች ከሦስት ሴቶች ልጆች ጋር ቀረች። ወንድ ልጅ የለም። ታዲያ በዚያን ጊዜ ልማድ ወንድ ልጅ ከሌለ መሬቱን የሚይዘው የሟች ወንድም ነው፤ ሴት መሬት ይዛ ወዴት ትሄዳለች ይባላል፣ ሌላ ባል ካገባች መሬቱ ከዘር ይወጣል ይባላል። እና እኔ የባሳን መሬት ከራሴ ጋር ቀላቀልኩት። ድንበሩን አረስኩት። ድንበሩ ላይ ባሳ በእጁ የተከለው ሙዝ ነበር፣ እሱንም ነቀልኩት።

አመነች በቆሎ ሲደርስ ጆንያ ይዛ ትመጣና ጎተራዬ አጠገብ ትቆማለች። አትለምንም። አትናገርም። ትቆማለች ብቻ። እኔም ሰፍሬ እሰጣታለሁ፣ ሰፍሬ ደግሞ «ዋርሳሽ፣ የባልሽ ወንድም እያለ አትቸገሪም» እላታለሁ። በገዛ ባሏ መሬት በቆሎ! እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትሄዳለች። እና ልጆቼ፣ እኔ ያን ጊዜ ራሴን ቸር ሰው አድርጌ ነበር የማስበው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ደረቴን ነፍቼ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ስለ ሴቶች መብት ስብሰባ ተባለ። ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ግራሩ ሥር። ከወረዳ የመጣው ወጣት ነው፣ ኮቱ የሰው ይመስል እጁን ውጦታል፣ በዚያ እጅጌ ውስጥ ትንሽ መጽሐፍ ይዟል። ሲናገር አይተነፍስም።

«የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ሠላሳ አምስት!» አለ።

እኔም በወላይትኛ «አንቀጽ ሠላሳ አምስት!» አልኩ። እስከዚህ ድረስ ትርጉሙ ትክክል ነበር።

ሰውዬው ቀጠለ፤ «ሴቶች ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር መብት አላቸው! በመሬትም ከወንዶች ጋር እኩል ናቸው! ባል ሲሞት የሟች ወንድም ተነሥቶ የሚስቲቱን መሬት መያዝ አይችልም!» አለና ዞሮ አየኝ። ተርጉም ማለቱ ነው።

ሕዝቡ ያየኛል። አመነች ከፊት ተቀምጣለች፣ ትንሿን ልጇን አቅፋ። ታዲያ ምን አልኩ? ጉሮሮዬን ጠረግሁና በወላይትኛ፣ «ሴቶች ጎበዝ ሠራተኞች ናቸው ይላል» አልኩ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰውዬው ገርሞት፣ «ያ ሁሉ በዚህ አለቀ?» አለኝ።

«የእኛ ቋንቋ አጭር ነው ጌታዬ» አልኩት።

እና እሱ ቀጠለ፤ «ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ራሷ ታርሳለች፣ ታሳርሳለች፣ ለልጆቿ ታወርሳለች!»

እኔ፤ «ባሏ የሞተባትን ሴት አጽናኗት ይላል።»

ሴቶቹ «አሜን» አሉ።

«የሰው መሬት የያዘ ካለ ዛሬውኑ ይመልስ!»

እኔም «ዕቃ የተዋሰ ካለ ዛሬውኑ ይመልስ ይላል፣ መጥረቢያም ሆነ ማረሻ» አልኩ።

ወይ ጉድ! እንዲህ ማለቴ ስህተት ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ብድግ አለና፣ «ዶላ! መጥረቢያዬን!» ብሎ ጮኸ። ዶላ ጎረቤቴ ነው፣ ጓደኛዬም ነው፣ የሰው ዕቃ ቤቱ ከገባ እዚያው ነው የሚያረጀው። «የምን መጥረቢያ?» ይላል ዶላ። «የአምና መጥረቢያዬን! መንግሥት መልስ ብሏል እኮ!» ሌላው ተነሣ፣ «እኔም መሰላል ሰጥቼዋለሁ!» ሌላዋ ሴትዮ ተነሣች፣ «እኔም ወንፊት!» ግራሩ ሥር ጩኸት ብቻ ሆነ። ሰውዬውስ? ሰውዬው ደስ ብሎት እጁን በዚያ ሰፊ እጅጌ ውስጥ እያፋተገ፣ «ተመልከት፣ ሕዝቡ ጥያቄውን እንዴት እንደያዘው!» ይለኛል።

ታዲያ በዚህ መሃል አመነች ተነሣች። ልጇን ለጎረቤቷ ሰጠችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት መጣች። እኔ ረስቼው የነበረው ምን መሰላችሁ? አመነች ባሳን ሳታገባ በፊት ሶዶ ሐኪም ቤት ወጥ ቤት ነበር የምትሠራው። አማርኛዋ ከእኔ ይበልጣል!

«ጌታዬ፣» አለችው በአማርኛ፣ በቀስታ፣ «አስተርጓሚው ደክሞታል መሰለኝ። ትንሽ ላግዘው?»

«ደስ ይለናል እህቴ!»

እና ወደ ሕዝቡ ዞረችና ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎመችው። የሟች ወንድም ያለውን። ታወርሳለች ያለውን። መሬት የያዘ ይመልስ ያለውን። ይህን ስትል እኔን አላየችኝም፣ ግራሩን ነው ያየችው። ስሜን እንኳ አልጠራችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው የምላችሁ። ሰዉ ግን አየኝ። ዶላ እንኳ ስለ መሰላሉ መከራከሩን ትቶ አየኝ።

እኔም እጄን አወጣሁ። «ጥያቄ አለኝ!» አልኩ። «ይህን ሕግ የጻፈው ሰው ነው ወይስ እግዚአብሔር?»

«ሰው ነው» አለ ወጣቱ።

«ሰው ከሆነማ ይቀየራል!»

«ይሻሻላል» አለኝ። «የሚሻሻልበት መንገድ በራሱ ውስጥ ተጽፏል፣ ነገር ግን...»

ከነገር ግን በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ይሻሻላል! በቃ! ዶላ ስንወጣ ክንዴን ይዞ፣ «አንጁሎ፣ ሶዶ ሂድና አሻሽለው! ዛሬ ነገ አትበል፣ ይኼ ነገር ወደ መሰላልም ሊሄድ ነው» አለኝ። ማረሻ አስቀጥቅጬ የምመለስ ነው የመሰለው። እኔም እንደሱ ነበር የመሰለኝ።

በማግስቱ ደህና ልብሴን ለብሼ ስወጣ አስቴር፣ «ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ሕገ መንግሥት ላሻሽል።»

«ስትመለስ ጨው ይዘህ ና» አለችኝ።

እና ተበላ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በአይሱዙ ላይ ከቲማቲም ሣጥን ጋር ተጭኜ፣ የዳሞታን ተራራ ፊት ለፊት እያየሁ ሶዶ ገባሁ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር፣ ሽማግሌ ነው፣ መነጽሩን በክር አስሮ ታይፕራይተሩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ዣንጥላ ሥር ይቀመጣል። ጎበዝ ነው አሉኝ። ያልነገሩኝ ነገር ጆሮው እንደማይሰማ ነው። ሌላም ያልነገሩኝ፣ ያን ቀን ወረፋ የያዙት በሙሉ ሴቶች ነበሩ። ቀለብ የምትጠይቅ፣ ፍቺ የምትጠይቅ፣ ውርስ የምትጠይቅ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ወፍራም ከዘራ ይዛለች። እኔ ወረፋዬ ደርሶ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እነሱ ከኋላዬ ናቸው፣ ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ነው።

«ጉዳይህ ምንድነው?» አለኝ ሽማግሌው።

«ሕገ መንግሥት» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምን? ጩህ! ጆሮዬ አይሰማም!»

«ሕገ መንግሥት!»

ሴቶቹ ሁሉ ወሬያቸውን አቆሙ።

«የሕገ መንግሥቱ ምን?»

«አንቀጽ ሠላሳ አምስት!»

«ኦ! የሴቶች መብት!» አለ እሱም እየጮኸ። «ምን ይሁን ነው የምትለው?»

ታዲያ ልጆቼ፣ ፍረዱኝ። የሴቶች መብት ይቀነስ ብላችሁ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ድምፅ፣ ትጮሃላችሁ? የአሮጊቷ ከዘራ እዚህ ነው፣ ከጆሮዬ አጠገብ! እኔም ጨነቀኝና፣ «ይሻሻል!» አልኩ።

«እንዴት ይሻሻል?»

«በደንብ ይሻሻል!»

«አሁን ያለው አይበቃም ነው የምትለው?»

«አይበቃም!»

«ባሏ የሞተባትስ?»

«እሷማ ዋናዋ ናት!»

አሮጊቷ ከኋላዬ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። «ተባረክ ልጄ» አለችኝ። እኔም በሆዴ፣ ምስኪን፣ ምን እንዳልኩ አልገባትም አልኩ።

አንቺ ምሕረት የልጄ ልጅ፣ አትሳቂ፣ የምናገረውን ጻፊ! አንቺ ዩኒቨርሲቲ ስለገባሽ ነው የሚያስቅሽ። እኔ አማርኛ የተማርኩት ጥጥ እርሻ ነው አላልኩሽም? እዚያ አለቆቻችን «የዘበኞች ራሽን ተሻሽሏል» ያሉ ቀን ዱቄቱ ይቀንሳል። «የሥራ ሰዓት ተሻሽሏል» ያሉ ቀን ከንጋት እስከ ምሽት እንቆማለን። እና ለእኔ መሻሻል ማለት መቀነስ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የተሻሻለ ነገር ጨምሮ አይቼ አላውቅም!

ሽማግሌው ጠቅ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ሁለት ገጽ ሞላ። ላንብብልህ አለኝ፣ እኔ ደግሞ እነዚያ ሴቶች እንዳይሰሙ ብዬ «አያስፈልግም!» ብዬ ጮህኩ። አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ ወረቀቱ ላይ ተጫንኩ።

ከዚያ ወደ ዞኑ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። አንዲት ወይዘሮ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣለች፣ ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበች። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። እንደገና አነበበች። ታዲያ ምን አደረገች? ብድግ አለች! ለእኔ! ወንበር ስባ፣ «ይቀመጡ አባቴ» ብላ ሻይ አዘዘችልኝ። በሕይወቴ መሥሪያ ቤት ገብቼ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።

«ይህን ያመለከቱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ማንም አስገድዶዎት አይደለም?»

«ከልቤ ነው።»

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከሁምቦ ቆላ።»

«ከሁምቦ ቆላ!» አለችና ጎረቤት ክፍል ያሉትን ሴቶች ጠርታ አሳየችኝ። በሩ ላይ ቆመው እንደ ሙሽራ አዩኝ።

እኔም ቸኩዬ፣ «ታዲያ መቼ ይሻሻላል? ዛሬ ይደርሳል? መኪና እንዳያመልጠኝ ነው» አልኳት።

ሳቀች። እና በትዕግሥት አስረዳችኝ፣ እስከ ዛሬ ቃሏን አልረሳሁም። «አባቴ፣ ሕገ መንግሥት በአንድ ሰው ማመልከቻ አይሻሻልም። መጀመሪያ ሐሳቡ መደገፍ አለበት። ወይ ከላይ ካሉት ከሁለቱ ምክር ቤቶች፣ ከተወካዮቹ ወይም ከፌዴሬሽኑ፣ አንዱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይደግፈዋል፣ ወይ ደግሞ ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው ይደግፉታል። ከዚያ ሕዝብ ይወያይበታል። ከዚያ ደግሞ ይጸድቃል።»

«ይኸውማ ቀላል ነው» አልኩ።

«የእርስዎ ግን የመብት ጉዳይ ነው፣ የመብት ምዕራፍ ይከብዳል። ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች መስማማት አለባቸው፣ ሁለቱም ትላልቅ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው።»

«ሁሉም ክልሎች? ስንት ናቸው?»

«ዘጠኝ።»

«አንዱ እምቢ ቢልስ?»

«ቀረ።»

እኔም ሻዬን አስቀመጥኩ። «ይቅርታ ወይዘሮ፣ የጋምቤላ ሰው ስለ ወንድሜ መሬት ምን አገባው?»

«ያገባዋል» አለች። «እርስዎም ስለ ጋምቤላ ሴት ያገባዎታል። በችኮላ ማንም እንዳይነካው ተብሎ ነው እንዲህ የተቆለፈው።»

ታዲያ ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ። አፋር ሄጄ፣ ሐረር ሄጄ፣ ሶማሌ ሄጄ፣ ያውም ቋንቋቸውን ሳላውቅ፣ ስለ አመነች ማሳ ላስረዳ? እነሱስ አስተርጓሚ ቢሰጡኝ፣ አስተርጓሚ ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ወይዘሮዋ ግን ማኅተም መታችና፣ «ይህ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ለወረዳችሁ እልከዋለሁ፣ በቀበሌያችሁ በሕዝብ ፊት ይነበብ» አለች።

«ይነበብ!» አልኩ። ምን ላድርግ? ቢያንስ ወንዶቹ ይሰሙኛል ብዬ ነው።

ጨው መግዛቱን ረስቼ ገባሁ። አስቴር የጠየቀችኝ ስለ ጨው ብቻ ነው።

እና ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ስብሰባ ተጠራ። ያ ወጣት መጣ፣ በዚያው ኮት። ሕዝቡ ከወትሮው ይበዛል፣ ዶላ «አንጁሎ ሕጉን አሻሽሎታል» ብሎ አስወርቶ ነበርና ወንዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል። አመነች ከኋላ ናት። ወጣቱ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ፣ «ዛሬ ከዚህ ቀበሌ የወጣ፣ ዞኑን ያስደነቀ ማመልከቻ አነባለሁ! የጻፈውም አቶ አንጁሎ ነው! ተርጓሚም ራሱ ነው! ና ወዲህ!» አለ።

ሄድኩ። ቆምኩ። ሆዴን ገፋሁ።

«እኔ አመልካች፣» ብሎ ጀመረ፣ «ለሴቶች የተሰጠው መብት አሁን ባለው ሁኔታ አይበቃም ብዬ ስለማምን፣ በደንብ እንዲሰፋ አመለክታለሁ!»

እንዲሰፋ?

«ተርጉም እንጂ!» አለኝ።

ወደ ኋላ አየሁ። አመነች አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠብቃለች። ትንሽ እንኳ ብሳሳት እንደምትነሣ አውቃለሁ። ታዲያ ተረጎምኩ። በወላይትኛ፣ በገዛ አፌ፣ «የሴቶች መብት ይስፋ ብዬ አመልክቻለሁ» አልኩ። ዶላ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ብቻ ሳይሆን፣ የተወሰደባትን ሁሉ እንድታገኝ!»

ተረጎምኩ።

«መሬቷን የያዘባት ዘመድ በሕዝብ ፊት ይቅርታ እንዲጠይቅ!»

ተረጎምኩ። ድምፄ እንደ ፍየል ሆነ።

«በመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲጻፍ፣ የሚስትም ስም እንዲቀድም!»

ይህን ስተረጉም አስቴር ከሴቶቹ መሃል ብድግ ብላ እልል አለች! እኔ ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር እንዲህ ያለ እልልታ አልሰማሁም፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ!

«ይህንንም ከራሴ ቤት እንደምጀምር በአውራ ጣቴ አሻራ አረጋግጣለሁ!»

ያ ሽማግሌ! ይህን ከየት አመጣው? እኔ እንጃ። እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት እነዚያ ሴቶች ከኋላ ሆነው እየነገሩት ነበር።

ግን ልጆቼ፣ አንዲት ነገር ልንገራችሁ፣ ይህቺ አታስቅም። ያ ሁሉ ነገር በአማርኛ ሲነበብ የመሥሪያ ቤት ነገር ነበር፣ የሩቅ ነገር። በወላይትኛ ስለው ግን፣ «ባሏ የሞተባት»፣ «መሬቷን የያዘባት ዘመድ» ስል፣ በዚያው እኔና ባሳ በልጅነታችን ባወራንበት ቃል ስለው፣ ጆሮዬ ሰማኝ። ሰው የራሱን ነገር በራሱ ቋንቋ ለሕዝብ ሲናገር መደበቂያ የለውም። አፍሬ እግሬን አየሁ። እና ማንም ሳያዘኝ ከወረቀቱ ውጪ ጨመርኩ፤ «የያዝኩት እኔ ነኝ። አመነች፣ ይቅር በይኝ» አልኩ።

ወጣቱ «ምን አልክ?» ይለኛል፣ ወላይትኛው ስላልገባው። አመነች ከኋላ ሆና በአማርኛ፣ «በትክክል ተርጉሟል ጌታዬ» አለችለት።

ታዲያ ጭብጨባው! ያን ቀን ወዲያው መሬት ለኪ ኮሚቴ ውስጥ መረጡኝ፣ «ለሴቶች የቆመ ወንድ» ብለው። ገመድ አስያዙኝ። የመጀመሪያው የሚለካው የማን ነበር? የአመነች! እኔ ገመዱን ስጎትት፣ ዶላ በሌላው ጫፍ «ወደ ራስህ ትንሽ ሳብ፣ ትንሽ!» ይለኛል በዓይኑ። አልሳብኩም። እንዲያውም ወደሷ ተሳሳትኩ መሰለኝ፣ ኮሚቴው እንደገና አስለካኝ። ከተበላ ገበያ የሙዝ ችግኝ ገዝቼ ድንበሩ ላይ ተከልኩላት። ደብተሩ ሲመጣ ስሟ ተጽፎበታል፣ ያውም ፎቶዋ ጭምር። በእኔ ቤት ደብተር ላይ አስቴር ቀድማ ተጽፋለች፣ እኔ ከሥር ነኝ። አስቴር ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ደብተሩን አውጥታ፣ «ይኸው፣ የእኔ ይሄ ነው፣ የሱ ደግሞ ይቺ ናት» እያለች ታሳያለች።

አመነችም በሬ ስለሌላት ጠራችኝና፣ «ዋርሳዬ፣ የእኩል ታርስልኛለህ?» አለችኝ። አረስኩላት። ከምርቱ በሚደርሳት ግማሽ ሦስቱንም ልጆቿን አስተማረች፤ ትልቋ ዛሬ ዲምቱ ከተማ አስተማሪ ናት፣ ታውቋታላችሁ።

እኔ ደግሞ ታዋቂ ሆንኩ። ከየቀበሌው መሬት የተወሰደባት ሴት ሁሉ «አንጁሎ የሚባለው የት ነው?» እያለች ትመጣለች። እርሻዬን ትቼ ከዚህ ጋር ወደ ወረዳ፣ ከዚያች ጋር ወደ ሽማግሌ። ወንዶቹ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ዶላ ለዓመት አኮረፈኝ፣ ግን መሰላሉን መለሰ። አንድ ጊዜ ለሴቶች በዓል ሶዶ ጠርተውኝ መድረክ ላይ ከሃያ ሴቶች ጋር አስቀመጡኝ፣ እኔ ብቻ ወንድ! ለሽልማት ስሜ ተጠራ፣ ሄጄ ተቀበልኩ፣ ስከፍተው ቀሚስ ነው። አበባ አበባ ያለበት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው ያዘጋጁት። ልበሰው ብለው ሴቶቹ ሁሉ አጨበጨቡ። በላዬ ላይ አድርጌ ፎቶ ተነሣሁ! ቀሚሱን አስቴር ለብሳ ጨረሰችው፣ ፎቶው ግን አለ፣ ለማንም አላሳይም።

እና ሕሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ አንድ ቀን ማሳ ላይ አመነችን፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ሶዶ የሄድኩት እንዲሰፋ አልነበረም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ አረሟን ሳትተው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ዶላ ለሚስቱ ነገራት፣ ሚስቱ ለእኔ ነገረችኝ። አንተ ገና ከሶዶ ሳትመለስ አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ስተረጉም ለምን አላጋለጥሽኝም?»

ቀና አለች። «ስትተረጉም በጣም ያምርብህ ነበር» አለችኝ። «እንዳላቋርጥህ ብዬ ነው።» እና ሳቀች፣ ሳቋ አላቆም ብሏት መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ሳቅሁ፣ ሥራ ሳንሠራ ዋልን።

በቃ ይኸው ነው።

ምን አልሽ ምሕረት? ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ ወይ? ኧረ ምን ተሻሽሎ! አንዲት ፊደል አልተነካችም። ዘጠኙም ክልል ስሜን አልሰማም። የእኛ ቀበሌ ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንቀጽ ሠላሳ አምስትን የጻፈው አንጁሎ ነው ይላል፣ እኔም አንድ ቀን አስተባብዬ አላውቅም። አንቺም የሕግ ተማሪ አይደለሽ? ፈተና ላይ ማን ጻፈው ብለው ከጠየቁሽ ስሜን ጻፊ።

— ዜሮ ይሰጡኛል እኮ አያቴ!

ዜሮ ከሰጡሽማ ዝም አልልም፣ ነገ ሶዶ ሄጄ ውጤትሽ እንዲሻሻል አመለክታለሁ።

— አይ አያቴ! እባክህ አንተ እንዳትሄድ! ማመልከቻውን እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ።